የቀነሱትን ክብደት በትምህርት ወራት ስለ መጠበቅ

ስለ ውፍረት በየጊዜው የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ክብደት እንዴት እንደሚቀነስ የሚያስረዳ ነው። ከቀነሱ በኋላ እንዴት ሆኖ እንደሚኖር ግን እምብዛም አይነገርም፤ ዳሩ ግን ከሁለቱ ከባዱ ይኸኛው መሆኑን በሐኪም ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለትና ሦስት ወር በጥንቃቄ ተመግቦ አምስት ወይም ስምንት ኪሎ የጣለ ሰው ብዙ ነው፤ በዓመቱ ተመልሶ ሲመዘን በዚያው ልክ ጸንቶ የሚገኘው ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህም መካከል በተለይ የሚያሳዝነን የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ነው። በዕረፍቱ ወራት በወላጆቹ ቤት ሳለ በእግሩ እየተጓዘ፣ ጣፋጩን ትቶ፣ ሌሊቱን በሙሉ እየተኛ ያገኘውን መልካም ነገር ትምህርት ሲጀመር አንድ በአንድ ይለቀዋል፤ የመንፈቁ ፈተና ሲያልቅም ሱሪው ጠቦት ይገኛል። ያን ጊዜ «እኔ ወኔ የሌለኝ ሰው ነኝ» ብሎ ራሱን ይነቅፋል፤ ከነቀፌታውም የተነሣ ተስፋ ቈርጦ የቀረውን ጥንቃቄ ሁሉ ይጥላል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው ነቀፌታው አላግባብ መሆኑንና ከነቀፌታ ይልቅ የሚጠቅም ሥራ መኖሩን ነው።

አስቀድሞ ግን ጽሑፉ ለማን እንዳልተጻፈ መናገር ይገባል። በአገራችን ከወፈረው ይልቅ የከሳው እንደሚበዛ መዘንጋት አይቻልም። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ከመቶው 22ቱ ከልክ በላይ የከሱ፣ 8ቱ ከልክ በላይ የወፈሩ ሆነው ተገኝተዋል። እርግጥ ነው፣ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት የወፈሩት ከመቶው 3 ብቻ ስለ ነበሩ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ቍጥሩ ራሱ ይመሰክራል፤ በከተማ ያለውም ሁኔታ ከገጠሩ የባሰ ነው። ቢሆንም አንባቢው ክብደት መቀነስ የሚገባው መሆን አለመሆኑን በመስታወት ሳይሆን በሚዛን ይወቅ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጐልማሳ ክብደቱ ከ53 ኪሎ ተኩል እስከ 72 ኪሎ ባለው መካከል ከሆነ በመልካም ልክ ላይ ነው። ከዚያ በታች የሆነ ተማሪ፣ በተለይም ከዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ከሚሰጠው ሌላ መግዣ የሌለውና እራቱን በልቶ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ የሚርበው፣ ይህን ገጽ አልፎ ሌላውን ያንብብ። የእርሱ ችግር ሌላ ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ክብደት የቀነሰ ሰው ረኃብ የሚበረታበት ስለ ምን ነው? ብዙ ሰው ሰውነትን እንደ ጐተራ ያስበዋል። ከጐተራው እህል ሲወጣ ይጐድላል፤ ጐደለብኝ ብሎ ግን ጐተራው አይጮኽም። ሰውነት ይጮኻል። በስብ ውስጥ የሚሠራ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን አለ፤ በደም በኩል ወደ አንጐል ደርሶ ስንቅ መኖሩን ያበሥራል። ይህ ሆርሞን የታወቀው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በዶክተር ጄፍሪ ፍሪድማን ላቦራቶሪ ነው። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን ሊቃውንት ከጨጓራ የሚመነጨውን ግሬሊን የተባለውን አገኙ፤ ይህም ሰው ሳይበላ ሲቈይ እየበዛ ሄዶ አንጐልን ስለ ምግብ የሚያሳስብ ነው። ሰው ክብደቱን ሲቀንስ ሌፕቲኑ ያንሳል፤ ግሬሊኑ ይበዛል። ነገሩ በአንድ ሳምንት ወይም በአንድ ወር የሚያልፍ ቢሆን ታግሦ መዝለቅ በተቻለ ነበር። ነገር ግን በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ ተደርጎ በፈረንጆች 2011 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በ10 ሳምንት ጥብቅ አመጋገብ በአማካይ 13 ኪሎ ተኩል የጣሉት ሰዎች ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቀድሞው መጠን አልተመለሱም፤ የሚሰማቸውም ረኃብ ከመቀነሳቸው በፊት ከነበረው የበለጠ ነበር።

ከዚህ በጣም ቀደም ብሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤናማ ወንዶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት ከሚበቃቸው ግማሽ ያህል ምግብ እየተሰጣቸው ቈይተው ነበር። የተመራመሩባቸው ዶክተር አንሰል ኪይስ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በረኃቡ ወራት የሚያወሩትም የሚያልሙትም ስለ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹም የወጥ አሠራር መጻሕፍትን ይሰበስቡ ጀመር። በኋላ እንደ ልብ ብሉ በተባሉ ጊዜ ደግሞ ጠግበውም ረኃቡ አልለቀቃቸውም፤ ብዙዎቹ ቀድሞ ይበሉት ከነበረው እጅግ የበለጠ ይበሉ ነበር። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ወኔ አልነበራቸውም ለማለት የሚደፍር የለም። አባቶቻችን «ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጕልበት በዳገት ይለግማል» ያሉት ላቦራቶሪ ሳያዩ ነው።

ይህን ያነሣነው ተማሪው ተስፋ እንዲቈርጥ አይደለም። ተቃራኒው ማን እንደሆነ ካላወቀ ከማይሆን ወገን ጋር ሲታገል ይኖራል። በጥቂት ወር ውስጥ በረኃብ ኃይል ብዙ ኪሎ ለመጣል የሚሞክር ተማሪ ይህን የሰውነት ጩኸት በራሱ ላይ ይቀሰቅሳል፤ ጩኸቱም የሚበረታው የፈተና ወራት በደረሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ በበኩሌ አንድ ነገር ሳላመነታ እናገራለሁ፤ በፈተና ወራት ክብደት መቀነስ የሚባል ዕቅድ ጨርሶ መኖር የለበትም። በዚያ ወቅት ተማሪው ሊመኝ የሚገባው ባለበት ላይ መቈየትን ብቻ ነው። ሳይጨምር ፈተናውን የጨረሰ ተማሪ ምንም ባይቀንስ አሸንፏል፤ የመቀነሱን ሥራ ዕረፍት ሲመጣ በደኅና ጊዜ ይቀጥለዋል።

ስለ ፈተና ወራት ካነሣን እንቅልፍን ሳናነሣ አናልፍም፤ ተማሪዎቻችን «ቸከላ» የሚሉት ሌሊቱን ሙሉ የመጽሐፍ ሙግት ክብደትን ከሚመልሱት ነገሮች ዋነኛው ነውና። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 12 ጤናማ ወጣቶች ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሌሊት በአልጋ ላይ ዐሥር ዐሥር ሰዓት እንዲቈዩ ተደርጎ ደማቸው ተመርምሮ ነበር። በፈረንጆች 2004 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት እንቅልፋቸው ባጠረ ጊዜ ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ አንሶ፣ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ በዝቶ ተገኘ፤ የተመኙትም ምግብ በተለይ ጣፋጩን፣ ጨዋማውንና የዱቄት ዘሩን ነበር። ሁለት ሌሊት ብቻ ይህን ካደረገ፣ ሦስት ሳምንት በዚህ ዐይነት የሚያሳልፍ ተማሪ በጠዋት ተነሥቶ ወደ ቦምቦሊኖው የሚያደላው ሆዳም ስለሆነ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? በዚህ ላይ የፈተናው ጭንቀት ራሱ ይጨመራል። ጭንቀት ሲረዝም ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይበዛል፤ አንዳንዱን ሰው ምግብ ያስጠላዋል፣ ብዙውን ግን ቅባትና ስኳር ያለበትን ያስመኘዋል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ኃይሉ ግማሽ ያህሉ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም በደም ውስጥ ስለሚቈይ፣ ለመንቃት ብሎ የጠጣው ሰው ለመተኛት ሲፈልግ እንቅልፉን አያገኘውም።

አሁን ወደ ሻዩ እንምጣ፤ ይህ ነገር ትንሽ መስሎ ብዙ የሚያደርግ ስለሆነ ረዘም አድርገን ብንናገርበት አያስነቅፈንም። የጤና ባለሙያዎች ስለ ስብና ስለ ሥጋ ብዙ ይመክራሉ፤ የእኛ ተማሪ ግን ከሥጋ ጋር የሚገናኘው ስንት ጊዜ ነው? እርሱ የሚገናኘው ከሻይ ጋር ነው። ጠዋት ከዳቦ ጋር፣ በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር፣ ከምሳ በኋላ፣ ወደ ማታ ከሳምቡሳ ወይም ከፓስቲ ጋር፣ ሌሊት ደግሞ ለጥናት። በእያንዳንዱ ብርጭቆ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምራል እንበል፤ አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ በአምስቱ ብርጭቆ 60 ግራም ይሆናል። ይህም 240 ካሎሪ ነው። በወሩ ሲደመር 1 ኪሎ ከ800 ግራም ስኳር ማለት ነው፤ ይህን ያህል ስኳር በፌስታል ተቋጥሮ «በዚህ ወር ብላው» ተብሎ ቢሰጠው ተማሪው ይሣቅ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በፈረንጆች 2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው የሚጨመረው ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ወደ 25 ግራም እንዲወርድ መክሯል። ተማሪው እንግዲህ ሻይ ብቻ ጠጥቶ መጠኑን አልፏል። በመካከሉ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ከጨመረበት ሌላ 30 ግራም ግድም ይደመራል። ይልቁንም በመጠጥ የገባ ስኳር እንደ ተላመጠ እህል ስለማያጠግብ ከምግቡ ላይ የሚያስቀንሰው ነገር የለም።

ሻዩን ተዉ አንልም። ሻይ የተማሪ መሰብሰቢያ ነው፤ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ዙሪያ የሚፈታ የሒሳብ ጥያቄ አለ፣ የሚጽናና ልብም አለ። በሳምንት ግማሽ ግማሽ ማንኪያ የሚቀንስ ሰው በአራተኛው ሳምንት ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ይወርዳል፤ ምላሱም ሳያውቀው ይለምደዋል፣ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ሻይ ሲቀርብለት እንደ ማር ብርዝ ጣፍጦት መጠጣት ያቅተዋል። ይህን ዐይነቱን ለውጥ የምናደንቀው በየቀኑ ወኔ ስለማይጠይቅ ነው። ለሌሊቱ ረኃብ ደግሞ በኪስ የተያዘ እፍኝ ገብስ ቆሎ ከብስኩቱም ከቦምቦሊኖውም ይበልጣል፤ ማላመጡ ራሱ ሰውን ያዘገየዋልና። (ዳቦ ቆሎ ስሙ ቆሎ ቢሆንም በዘይት የተጠበሰው ሌላ ጕዳይ ነው።)

ጾምም የሚያሳስት ነገር አለው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት፣ ቅቤና ዕንቍላል ስለማይበላ ብዙ ተማሪ በጾም ክብደት ያለ ሐሳብ ይቀንሳል ብሎ ያምናል። ሃይማኖቱ ያዘዘውን ማንም ይፈጽም፤ የጾምን መንፈሳዊ ዋጋ የምንመዝነው እኛ አይደለንም። ይሁን እንጂ ስኳር የጾም ነው፤ ዘይትም የጾም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ሲኖረው፣ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚጠበሱት ዘይት ውስጥ ጠልቀው ነው። እስከ ቀትር ሳይበላ ውሎ በአንድ ጊዜ ዳቦውንና ጥብሱን የሚያነሣ ሰው የጾሙ ወራት ሲያልቅ ወፍሮ ቢገኝ አያስደንቅም፤ በፋሲካ ሳምንት የሚሆነው ሳይቈጠር ማለት ነው። በረመዳንም ማታ ላይ በጣፋጭና በተጠበሰ ነገር ብቻ ጾሙን ለሚፈታ ተማሪ ነገሩ ያው ነው። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ባቄላው በራሱ ጥሩ የጾም ምግብ ሆኖ ሳለ ከእርሱ ሸሽቶ ወደ ብስኩት መሄድ ግን የገንዘብም የጤናም ኪሣራ ነው።

የአገራችን ተማሪ በሌላ አገር ጽሑፍ የማያነበው አንድ ችግር አለበት፤ እርሱም ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚቀበለው ቃል ነው። በብዙ አገር የወፈረ ሰው ሲወቀስ የቀጠነ ይመሰገናል። በእኛ ዘንድ ግን «ወፈርህ፣ ተመችቶሃል» ማለት ምርቃት ነው፤ «ከሳህ፣ ጠቈርህ» ማለት ደግሞ የሐዘን ቃል ነው። ስድስት ወር ደክማ ሰባት ኪሎ የጣለች ልጅ ለበዓል ቤቷ ስትገባ እናቷ በሩ ላይ «ልጄን ምን አገኘብኝ!» ብላ ታነባለች፤ አክስት «በሽታ ይኖርባት ይሆን?» ብላ በጆሮ ትጠይቃለች፤ ጎረቤት የጠበል ስም ያነሣል። ይህን ሰምታ በድካሟ የምትጸና ልጅ ከየት ትገኛለች? እናቲቱ ግን የምትነቀፍ አይደለችም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ያየ ወይም ካዩት የሰማ ትውልድ ክሳትን እንደ ክፉ ምልክት ቢያይ አይፈረድበትም፤ ከዚያም በኋላ በነቀርሳና በኤች አይ ቪ ምክንያት ሰው ሲከሳ መጨረሻው ምን እንደሆነ ያየ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ውፍረት የጤና ምልክት የሆነው ክሳት የሞት ምልክት ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ከቤተ ሰቡ ጋር መሟገት አይገባውም፤ ይልቅስ ከመምጣቱ በፊት ወሬውን ይላክ። በስልክ «እማዬ፣ ሐኪም አይቶኛል፣ ደኅና ነኝ፤ የቀነስሁት አባዬን የያዘው ስኳር እኔን እንዳይዘኝ ብዬ ነው» ቢላት በሩ ላይ የሚፈሰው እንባ ይቀንሳል። አባትየው የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለበት ይህ ቃል ምክንያቱን በቤቱ ውስጥ ያገኘዋል። ለዚህም በቂ ማስረጃ አለ፤ በአሜሪካ ለስኳር ሕመም በቀረቡ 3,234 ሰዎች ላይ ተደርጎ በፈረንጆች 2002 ዓ.ም. የታተመው ታላቅ ጥናት ክብደታቸውን በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩትና የተረዱት ሰዎች በሽታው የያዛቸው ካልተረዱት በ58 በመቶ አንሶ ተገኝቷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። ስለ ጉርሻም ቢሆን፣ አንድ ጉርሻ ጠብ ያመጣል በሚባልበት አገር ጉርሻን አልቀበልም ማለት ቤትን ማስከፋት ነው። ጉርሻውን ተቀብሎ ከራሱ ፊት ያለውን እንጀራ ማሳነስ ይቻላል፤ ይህን ማንም አይቈጥርበትም። እናትም ልጇን ሥራ ብታስይዘው፣ ለምሳሌ ለበዓሉ የሚገዛውን ዕቃ ከገበያ በእግሩ ቢያመጣላት፣ ፍቅሯን በሌላ መንገድ ገለጠች ማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር፣ ማለትም ሰው በምን ተነሣሥቶ ይጸናል ወደሚለው ስንመለስ፣ በክብደት መቀነስ ጊዜ ሚዛኑ በየሳምንቱ ይሸልማል፤ ጓደኛም ያደንቃል። ከቀነሱ በኋላ ግን ሚዛኑ ዝም ይላል። የመጠበቅ ሥራ ትልቁ ፈተና ይኸው ነው፤ ሥራው ሲሳካ የሚታይ ነገር የለውም። ብዙ ተማሪ ለምረቃ ልብስ ብሎ ይቀንሳል፤ ፎቶግራፉም ያምርለታል፤ ነገር ግን ለአንድ ቀን የተያዘ ምክንያት ከዚያ ቀን በኋላ ሰውየውን ጥሎት ይሄዳል። የሚጸና ምክንያት በየቀኑ የሚገኝ መሆን አለበት። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በአምስት ኪሎ አልፎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን ዳገት ሳያለከልክ መውጣቱን ይመልከት፤ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፣ የታክሲም ገንዘብ ያተርፋል። ከቀትር በኋላ ባለው ትምህርት እንቅልፍ ሳይጥለው መቀመጡን ይመልከት። እነዚህ ዛሬም ነገም የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

የቀነሱትን ጠብቀው የቈዩ ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር ተብሎም ተጠይቋል። በአሜሪካ በፈረንጆች 1994 ዓ.ም. ሪና ዊንግና ጄምስ ሂል የተባሉት ሊቃውንት ቢያንስ 13 ኪሎ ተኩል ያህል ጥለው አንድ ዓመት የጠበቁትን ሰዎች የሚመዘግቡበት መዝገብ ከፈቱ፤ ከ10,000 በላይ ሰዎችም ተመዝግበውበታል። ከእነዚህ ውስጥ 78 በመቶው በየቀኑ ቍርስ የሚበሉ፣ 75 በመቶው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመዘኑ፣ 90 በመቶው በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል የሚንቀሳቀሱ ሆነው ተገኝተዋል። እርግጥ መዝገቡ የተሳካላቸውን ብቻ የሰበሰበ ስለሆነ ያሳካላቸው ይኸው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሆኖም ከመካከላቸው በወኔ ብቻ የኖረ ማግኘት ያስቸግራል፤ የኖሩት በልማድ ነው። ሌላም የሚያጽናና ነገር በዚያው መዝገብ ታይቷል፤ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የጠበቁት ሰዎች ክብደቱ ተመልሶ የመምጣቱ አደጋ ቀንሶላቸዋል። ይህም ማለት ድካሙ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ልክ አይቀጥልም ማለት ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ መመዘን ካልን ለምን በየቀኑ እንዳልሆነ እንናገር። ሰውነት ከቀን ወደ ቀን በውሃና በጨው ምክንያት አንድ ኪሎ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ በፈተና ዋዜማ ይህን እያየ የሚደነግጥ ተማሪ ለራሱ ሌላ ፈተና ጨመረ። ሚዛን የሌለው በአንድ የታወቀ ቀበቶ ቀዳዳ ይለካ። ሁለት ኪሎ የጨመረ እንደሆነ ያን ጊዜ ሻዩን፣ እንቅልፉንና እርምጃውን ይመርምር፤ ከሁለት ኪሎ ሲያንስ ግን መጽሐፉን ያንብብ።

ስለ አቋራጭ መንገዶች ብዙ አንናገርም። ጫት ረኃብን ለጥቂት ሰዓት ያስረሳል፤ እንቅልፍንም አብሮ ይወስደዋል፣ የእንቅልፍ ማጣት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከላይ ተናግረናል፤ ከጫቱ ጋር የሚጠጣውን ለስላሳና የሚበላውን ስኳርም የሚያስበው የለም። በየሱቁ የሚሸጠው ማቅጠኛ ሻይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለበት ነው፤ ያወጣው ውሃ ስለሆነ ውሃ በጠጡ ጊዜ ይመለሳል፣ ሲደጋገም ግን በሰውነት ያለውን ማዕድን አዛብቶ ልብን እስከ መጕዳት ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን በልቶ ሆን ብሎ ማስመለስ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ውሎ ማታ ተደብቆ ያለ ልክ መብላት ነው። ይህ ሕመም ነው። የደረሰበት ተማሪ ያለ አንዳች እፍረት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ፤ ጓደኛው ያየበትም ተማሪ አይሣቅበት፣ ብቻውን አይተወው።

በመጨረሻ ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ትከሻ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። አንድ ወጣት ከክፍሉ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚያገኘው ነገር ለስላሳ የሞላበት ማቀዝቀዣ ከሆነ፣ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ግን ሕንፃ ተሻግሮ የሚፈለግ ከሆነ፣ ምክራችን ነፋስ ላይ የተጻፈ ነው። የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች በግቢያቸው ለሚከፈቱ መሸጫዎች ፈቃድ ሲሰጡ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ባቄላና ያለ ስኳር የቀረበ ሻይ እንዲኖር ማዘዝ ይችላሉ፤ ስኳሩ በብርጭቆው ውስጥ ቀድሞ ተጨምሮ መቅረቡ ቀርቶ ተማሪው እንደ ፈቃዱ ይጨምር። የፈተና ሰዓት ሠንጠረዥ የሚያወጡ ክፍሎችም በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስትና ስድስት ፈተና ከማጐር ይቈጠቡ፤ የተማሪው እንቅልፍ የሚጠፋው በእነርሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። በየግቢው ባለው ክሊኒክ ያለው ሚዛንም ለሕመምተኛ ብቻ ተቈልፎበት እንዳይቀመጥ፣ ከበሩ አጠገብ ቁመት መለኪያ ተጨምሮበት ማንም ተማሪ ሳይሰለፍና ሳይጠየቅ ገብቶ እንዲመዘንበት ይደረግ።